አባቴን አትላንታን ሳስጎበኝ የሠራኋቸው ስህተቶች

አባዬ ከደብረ ብርሃን ሲመጡ 74 ዓመታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ ክላርክስተን መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ክላርክስተን ከአትላንታ መሀል ከተማ ብዙ የማትርቅ፣ ሐበሻ የበዛባት ትንሽ ከተማ ናት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የማርቲን ሉተር ኪንግን መቃብር አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም። ሥራ፣ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ተመልሶ ሥራ። ስለዚህ አባዬ ቪዛ ሲመታላቸው ከእሳቸው እኩል ነው የጓጓሁት።

ጉጉቴ ግን አባቴን ሊያሳጣኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ወላጆቻችሁን አምጥታችሁ ከተማ ልታሳዩ ለምታስቡ ነው። እኔ የሄድኩበትን መንገድ እናንተ እንዳትደግሙት።

ቀኑ ረቡዕ ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 14 ቀን 2024። ከሥራ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ዕቅድ አወጣሁ። ጠዋት የኪንግ የትውልድ ቤትና መቃብር፣ ቀጥሎ የሲቪልና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል፣ ቀጥሎ የዓሣ ማሳያው አኳሪየም፣ ማምሻውን ስቶን ማውንቴን የሚባለው ተራራ። አራት ቦታ በአንድ ቀን። የሁለቱን ትኬት ሰዓት አስይዤ ቀድሜ ገዝቻለሁ። አባዬን ግን የት መሄድ እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም። እንግዳ ሁሉ የሚወሰደው እዚያ ነው፤ እሳቸውም ይወዱታል አልኩ።

ጾሙንም ረሳሁት። ረሳሁት ስል ፍልሰታ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አባዬ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ እንደሚጾሙ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያላሰብኩት አየሩን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ነሐሴ ላይ ጋቢ ተደርቦም ይበርዳል። አትላንታ ደግሞ 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ነሐሴዋም ወበቅ ነው። ስልኩ 33 ዲግሪ ይላል፤ ሰውነት የሚሰማው ግን ከዚያ በላይ ነው። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም፣ ሰውነትም አይቀዘቅዝም። በዚያ ላይ አባዬ ለደም ግፊት ከሚወስዷቸው ኪኒኖች አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። ጾም፣ ወበቅና ይህ ኪኒን አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ቆይቶ ሐኪም አስረዳኝ።

ከቤት የወጣነው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ይህም ስህተት ነበር። ነሐሴ ላይ አትላንታን በእግር የምታዩ ከሆነ በአራት ሰዓት መጨረስ እንጂ መጀመር የለባችሁም።

መጀመሪያ ኦበርን ጎዳና 501 ቁጥር ሄድን። ኪንግ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1929 የተወለደበት ቤት ነው። ለካ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። ስልኬን አውጥቼ አንድ ደቂቃ ባይ ኖሮ አውቀው ነበር። አባዬ ምንም አላሉም። ከመንገዱ ማዶ ቆመው የቤቱን በረንዳ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የቆሙት ፀሐይ ላይ ነው። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ከዚያ ወደ መቃብሩ ወረድን። የኪንግና የባለቤታቸው የኮሬታ መቃብር ረጅም የውሃ ገንዳ መሀል ነው ያለው። ውሃው በደረጃ በደረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል። አባዬ ገንዳው ዳር ሲቀመጡ ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ገና ከመቀመጣቸው "አባዬ፣ ትኬቱ ያልፍብናል" አልኳቸው። "እሺ ልጄ" ብለው ተነሱ። ሲነሱ የገንዳውን ጠርዝ ደገፍ ማለታቸውን አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።

መኪናዬን ያቆምኩት እዚያው ለጎብኚ በተዘጋጀው ነፃ ማቆሚያ ነው። ሌላ ቦታ ፓርኪንግ ከምፈልግ ብዬ የመብቶች ማዕከሉና አኳሪየሙ አጠገቡ ወዳሉት ሴንቴኒያል ኦሎምፒክ ፓርክ በእግር ወሰድኳቸው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዳገትም አለው። በኪንግ ሰፈርና በፓርኩ መካከል ስትሪትካር የሚባል የከተማ ባቡር እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ!

ፓርኩ ውስጥ በኦሎምፒክ ቀለበቶች ቅርጽ የተሠራ ፏፏቴ አለ። ሕፃናት ውሃው ውስጥ እየጮሁ ይሯሯጣሉ። እኔ ፎቶ ላነሳቸው ስልኬን ሳስተካክል አባዬ "ዓይኔ ላይ ጨለመብኝ" አሉ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ወዲያው ጉልበታቸው ከዳቸውና ሣሩ ላይ ዝቅ አሉ። አንዲት የማላውቃት እናት የልጆቿን የበረዶ ሳጥን ይዛ ሮጣ መጣች። በረዶውን በፎጣ ጠቅልላ አንገታቸውና ብብታቸው ሥር አደረገችላቸው። ሌላ ሰው ለድንገተኛ እርዳታ 911 ደወለ። እኔ "አባዬ፣ አባዬ" ከማለት በቀር ምንም አላደረግሁም።

ያቺ ሴት ያደረገችውን ልብ በሉ። ጥላ ሥር ማስተኛት፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ልብስ ማላላት፣ አንገትና ብብትን ማቀዝቀዝ። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትንሽ በትንሽ ውሃ መስጠት። ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወዲያው 911 ደውሉ።

ድንገተኛ ክፍል ደርሰን ግሉኮስ ተሰካላቸው። ሐኪሙ ሲጠይቅ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመዎት?" ስላቸው "አሁን ነው" አሉ። ነርሷ ግን አስተርጓሚ በስክሪን አመጣች። የእኛው አገር ሴት ናት፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ። ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቃቸው "ከጠዋት ጀምሮ ያዞረኝ ነበር። ትናንትም ነበር። ልጄ ፈቃድ ወስዳ፣ ገንዘብ አውጥታ እንዴት እላለሁ?" አሏት። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

አደራችሁን፣ እንግሊዝኛ ብትችሉም አስተርጓሚ ጠይቁ። ሆስፒታሎች በነፃ ያቀርባሉ፣ የአማርኛም አለ። ወላጆቻችን ለእኛ የማይነግሩንን ለሌላ ሰው ይነግራሉ። ልጅን ማስጨነቅ ነውር ይመስላቸዋል።

ሌሊቱን እዚያው አደርን። ወደ ንጋት ላይ ነቅተው አገኘኋቸውና "አባዬ፣ ግን አሜሪካ ሲመጡ ማየት የፈለጉት ምን ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ከአገር ሳይነሱ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ነው። ብዙም አላሰቡም። "ፋጡማ የሮጠችበትን" አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ፋጡማ ሮባ እዚህ አትላንታ ላይ ማራቶን አሸንፋ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በማግስቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ደገመው። አባዬ የፋጡማን ድል ከሥራ ባልደረባቸው ጋር አንድ ሬዲዮ ላይ ተደፍተው ነው የሰሙት። ውጭ በረዶ እየወረደ የቆርቆሮው ጩኸት ድምፁን እየዋጠባቸው። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ አባዬ ዘለው ሲገቡ እናቴ ደንግጣ ጀበናውን እንደጣለችው ብቻ አስታውሳለሁ። "ያንቺ አገር አትላንታ ሲባል እኔ የማስበው እሷን ነው" አሉኝ።

እኔ ለእሳቸው የዓሣ ትኬት ነበር የገዛሁት።

ከሆስፒታል እንደወጣን ለንስሐ አባታቸው ደብረ ብርሃን ደወልን። እኔ ውሃ ጠጡ ብላቸው አይሰሙኝም ነበር። አባ ግን ነገሩን ሰምተው "ጾሙ ለታመመ አልተጣለም፤ መድኃኒትዎን በውሃ ይዋጡ፣ ሐኪም ያለዎትን ያድርጉ" አሏቸው። በአንድ ስልክ አለቀ። የእናንተም ወላጆች ጾመኛ ከሆኑ ከጉዞው በፊት ይህን ስልክ ደውሉ። ሐኪማቸውንም ስለ ኪኒኖቹ ጠይቁ። ወይም ጉብኝቱን ከጾሙ ውጭ አድርጉት። ኦክቶበር ላይ አትላንታ ፀሐይዋ ለስላሳ ናት።

በቀጣዩ ሳምንት ሌላ ፈቃድ ለመንኩ። አዲሱ ሕጋችን በቀን አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። ጠዋት ወጥተን እኩለ ቀን ሳይሞላ ቤት እንገባለን። ውሃ፣ ጃንጥላና የምትታጠፍ ትንሽ ወንበር ይዘናል። ወንበሯን ሁላችሁም ግዙ። ብዙ ቦታ ቆመው የሚነበቡ ጽሑፎች አሉ፣ መቀመጫ ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

የኪንግን ሰፈር እንደገና አየነው። መግቢያው ነፃ ነው። በዚህኛው ጊዜ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ጀመርን፤ ከውጭው ሙቀት በፊት ቀዝቃዛውን ቤት ማየት ይሻላል። እዚያ ውስጥ የኪንግ አስከሬን የተጓጓዘበት የገበሬ ጋሪ አለ። ያረጀ እንጨት ነው፤ ቀለሙ ለቋል። ሁለት በቅሎዎች እየጎተቱት በዚህ ከተማ ጎዳና ላይ አለፈ። አባዬ ጋሪውን ዞረው ዞረው አዩት። "የኖቤል ተሸላሚ ነው እኮ" አሉ። "በጋሪ የወሰዱት ከድሆች ጋር ነኝ ብሎ ስለኖረ ነው።" ለካ የሞተበትን ሰሞን ለድሆች ሰልፍ እያዘጋጀ እንደነበር ያስተምሩ ነበር። እኔ አላውቅም። በጉብኝቱ ከእኔ በላይ የሚያውቁትን ሰው ነው በሰዓት ስነዳ የነበርኩት።

ቀጥሎ ኤቤንኤዘር ቤተ ክርስቲያን ገባን። አባትና ልጅ ኪንግ አብረው ያገለገሉበት ነው። የኪንግ የስብከት ድምፅ በቀስታ ይሰማል። አባዬ ስለ እናትየው የነገሩኝ እዚያ ነው። አልበርታ ኪንግ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1974 እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን እየተጫወተች በጥይት ተገደለች። ልጇን ከቀበረች ስድስት ዓመት በኋላ ነው። አባዬ ኦርጋኑ ወዳለበት ፊታቸውን አዙረው አማተቡ። ከዚያ ገንዳው ዳር ሄደን ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አንድም ቃል አልተናገርኩም።

የመብቶች ማዕከሉን በሌላ ቀን ነው ያየነው። እዚያ አንድ ባንኮኒ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ጥቁር ተማሪዎች ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት ምግብ ቤት ተቀምጠው የደረሰባቸውን እንድትቀምሱ የተሠራ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ታደርጋላችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁለት እጃችሁን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ስድብና ዛቻ ጆሯችሁ ሥር ይመጣል፤ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ልብና ግፊት ያለበት ሰው ቀድሞ ይነገረው። እኔም አስቀድሜ ነገርኳቸው። ተቀመጡ። ግማሽ ላይ እጃቸውን አነሱና ማዳመጫውን አወለቁ። "በቃኝ" አሉ። ትንሽ ቆይተው "ልጆቹ ግን እጃቸውን አላነሱም" አሉ።

ፕሬዚዳንት ካርተር ሙዚየምን ግቢውን ብላችሁም ቢሆን ሂዱ። ዛፍ፣ ኩሬና የጃፓን የአትክልት ስፍራ አለው፤ ለአረጋዊ ሰው ከዚያ የሚመች ቦታ አላየሁም። እዚያ አጠገብ ባለው የካርተር ማዕከል በሴፕቴምበር 1989 የኮሎኔል መንግሥቱ መንግሥትና ሻዕቢያ በካርተር ሸምጋይነት ተደራድረዋል። ድርድሩ ፍሬ አላፈራም። አባዬ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያንን ዘመን እየተረኩልኝ ሁለት ሰዓት አለፈ።

ስቶን ማውንቴን ላይ በእግር አልወጣንም። መንገዱ ወደ አንድ ማይል ቢሆንም መጨረሻው ቀጥ ያለ የድንጋይ ዳገት ነው። በገመድ የሚሄደው አለ፣ በእሱ ወጣን። ተራራው ላይ የተቀረጹት ሦስት ፈረሰኞች ለባርነት የተዋጉት የደቡቦቹ መሪዎች ናቸው፤ ቅርጹ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። "የተሸነፉት ናቸው አይደል?" አሉ አባዬ። "አዎ።" "ኪንግ ታዲያ ይህንን ተራራ ስም ጠርቶ ነጻነት ከዚህ ይስተጋባ ያለው ለዚህ ነው" አሉ። ልጆች ላሏችሁ የምለው፣ ቦታውን ውብ መናፈሻ ብቻ አድርጋችሁ አታሳዩአቸው። ጥቁሮችን በሽብር ያሳድድ የነበረው የነጮች ቡድን ኬኬኬ እ.ኤ.አ. በ1915 እንደገና የተመሠረተው እዚሁ ተራራ ላይ ነው። ንገሯቸው።

ስለ ሂሳቡም ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚያፍርበት ነገር ስለሆነ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ አልገዛሁላቸውም ነበር። የአንድ ሌሊቱ ቢል ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ወዳጄ "ዝም ብለሽ እንዳትከፍዪ" አለችኝ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ወጪ የተዘረዘረበትን ቢል ጠየቅሁ። ከዚያ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ሞላሁ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ይህ የእርዳታ ሥርዓት እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ካልጠየቃችሁ ግን ሳታውቁት ሊያልፋችሁ ይችላል። ቢሉ በጣም ቀነሰ፣ የቀረውን በየወሩ ከፈልኩ። እናንተ ግን ወላጆቻችሁ ሳይነሱ ኢንሹራንሱን ግዙ። ስትገዙም ግፊትና ስኳርን የመሰለ ነባር ሕመም በድንገት ሲነሳ ይሸፍን እንደሆነ ጽሑፉን አንብቡ።

ስታዲየሙን ለመጨረሻ አቆየነው። አባዬ ናቸው ይቆይ ያሉት። ቦታውን አስቀድሜ ስላጣራሁ እንዳያዝኑ ማታውኑ ነገርኳቸው። ፋጡማ የገባችበት የኦሎምፒክ ስታዲየም ከውድድሩ በኋላ ለቤዝቦል ተቀየረ፣ ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ እግር ኳስ ሜዳ ሆነ፤ የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ። የመሮጫው መም የለም። የኦሎምፒክ ችቦው የነደደበት ግንብ ግን ዛሬም ቆሟል። "ይበቃኛል" አሉ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። አየሩ ገና አልሞቀም። አባዬ ግንቡን ቀና ብለው አዩትና "ፋጡማንም በጠዋት ነው ያስሮጧት" አሉኝ። "ሙቀቱን ፈርተው። እዚህ አንድ ሰዓት ሲሆን ነው የተነሱት፤ እኛ ጋ ስምንት ሰዓት ነበር።" ይህን እያወቁ ነው ያን ቀን በአራት ሰዓት ከኋላዬ የተከተሉኝ።

ለባልደረባቸው በቪዲዮ ደወሉ። ደብረ ብርሃን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰውየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ታዩ። አባዬ ስልኩን ወደ ግንቡ አዞሩት። ሁለቱም ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ ሰውየው "እዚያስ በረዶ አለ?" ብለው ጠየቁ። "የለም፣ ፀሐይ ነው" አሉ አባዬ።

የውሃ ኮዳውን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው ጠጡ።